ርካሽ የኤልኢዲ ባትሪን ከውስጥ መፈተሽና ማስተካከል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መብራት ሲጠፋ በየቤቱ መጀመሪያ የሚፈለገው የእጅ ባትሪ ነው። አብዛኞቻችን ያለን ደግሞ ርካሹ ነው፤ ሲደክም ወይም ሲያስቸግር ወርውረን ሌላ ርካሽ እንገዛለን። እኔ ከመጣሉ በፊት ይከፈት ባይ ነኝ። እንዲህ ያሉ ባትሪዎች ሲከፈቱ ብርሃን የሚሰጠው ኤልኢዲ ራሱ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው። የተበላሸው አገጣጠሙ ነው፤ ወይ ሙቀቱ መውጫ አጥቷል፣ ወይ ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት መንገድ ላልቷል። ሁለቱም ቤት ውስጥ፣ በትንሽ ወጪ የሚስተካከሉ ናቸው።

በዚህ ገጽ «ባትሪ» የምለው መብራቱን ነው። ውስጡ የሚገባውን፣ ሊቲየምም ይሁን ተራ፣ «ድንጋይ» እለዋለሁ።

ባትሪዬ በደንብ ይበራል። ለምን እከፍተዋለሁ?

ሱቅ ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ መብራቱ ስለ ውስጡ ምንም አይነግረንም። ኤልኢዲ ከሚወስደው ኃይል ከግማሽ በላይ የሚሆነው ወደ ሙቀት ይቀየራል። 3 ቮልት አካባቢ የሚሠራ ኤልኢዲ 2.8 አምፒር ሲሰጠው 8.4 ዋት ይወስዳል፤ ከዚህ ውስጥ 5 ዋት ያህሉ ሙቀት ነው። ይህ ሁሉ የሚፈጠረው ደግሞ 5 ሚሊሜትር በ5 ሚሊሜትር በምትሆን ቦታ ላይ ነው። ሙቀቱ ወደ አሉሚኒየሙ ቀፎ ካላለፈ ኤልኢዲው መጀመሪያ ይደበዝዛል፣ ቆይቶ ቀለሙ ይለወጣል፣ በመጨረሻ ይቃጠላል። አዲስ እያለ ተከፍቶ ጠብታ ተርማል ፔስት (ሙቀት የሚያስተላልፍ ቅባት) ቢደረግለት ግን ዓመታት ሊያገለግል ይችላል።

ሳልከፍተው ምን ማወቅ እችላለሁ?

ብዙ ነገር ይታወቃል። ድንጋዩን አውጡና ባዶውን ባትሪ ጆሯችሁ አጠገብ ነቅንቁት። የሚንኳኳ ነገር ከሰማችሁ ቦርዱ (ለኤልኢዲው የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረው) ወይም አንዱ ቀለበት ላልቷል ማለት ነው። ቀጥሎ ድንጋዩን መልሱና አብርታችሁ የኋላ ክዳኑን በጣት ገፋ ገፋ አድርጉት፤ ጭንቅላቱንም እንዲሁ። ብልጭ ድርግም ካለ ንክኪው ላይ ችግር አለ፤ ስለሱ ታች በሰፊው አለ።

ባትሪው ዙም ያለው፣ ማለትም ጭንቅላቱ ሲሳብና ሲገፋ ብርሃኑ የሚጠብና የሚሰፋ ከሆነ ጥሩ መፈተሻ በእጃችሁ ነው። ሁለት ሦስት ሜትር ርቃችሁ ነጭ ግድግዳ ላይ አብሩትና ጭንቅላቱን እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ሳቡት። ግድግዳው ላይ ካሬ ብርሃን ይታያል፤ የኤልኢዲው ምስል ነው። አራቱም ጠርዞች እኩል ጥርት ካሉ ኤልኢዲው ተስተካክሎ ተቀምጧል። አንዱ ጠርዝ ጥርት ብሎ ተቃራኒው ከደበዘዘ ግን ኤልኢዲው የተበየደባት ሳህን አዘንብላለች። ያዘነበለ ሳህን ደግሞ ሥሩ ሙሉ ለሙሉ አልተነካም ማለት ነው፤ ስለዚህ ሙቀቱም በደንብ አያልፍም። ጥርት ባለው ካሬ ላይ የጠቆረ ነጥብ ካያችሁ ኤልኢዲው ቀድሞውኑ ተጎድቷል።

በስልክ ካሜራ ስታዩት መስመር መስመር የሚሠራ ከሆነ ቦርዱ ብርሃኑን የሚቀንሰው በፍጥነት እያጠፋና እያበራ ነው። ዓይን ሊያደክም ይችላል እንጂ ብልሽት አይደለም።

ስጠቀምበት እጄ ላይ ይሞቃል። ችግር ነው?

በተቃራኒው፣ ብዙውን ጊዜ ደስ ሊላችሁ ይገባል። ቀፎው ሞቀ ማለት ሙቀቱ ከኤልኢዲው እየወጣ ነው። የሚያሳስበው ኃይለኛ ብርሃን እየሰጠ አንገቱ ቀዝቃዛ ሆኖ የሚቆይ ባትሪ ነው፤ ሙቀቱ ውስጥ ታፍኗል። በእርግጥ በትሪፕል ኤ ድንጋይ የሚሠሩ ደካማ ባትሪዎች የሚያመነጩት ሙቀት ትንሽ ስለሆነ ብዙም አይሞቁም፤ እነሱን በዚህ መንገድ መፍረድ ልክ አይሆንም።

ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ሁለት በደንብ የተሞላ ድንጋይ አዘጋጁ። በአንዱ በከፍተኛው ብርሃን አምስት ደቂቃ ያህል አብሩት። ከደበዘዘ ሳይቀዘቅዝ ቶሎ ብላችሁ ሁለተኛውን ድንጋይ አስገቡ። ብርሃኑ ወደ መጀመሪያው ከተመለሰ ደካማው ድንጋዩ ነበር። ካልተመለሰ ሙቀት ነው። አንዳንድ የተሻሉ ባትሪዎች ሲሞቁ ራሳቸው ብርሃን እንዲቀንሱ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ ይህ ግን በርካሾቹ ላይ ብዙ አይገኝም።

ምን ምን ዕቃ ያስፈልገኛል?

ጫፉ ቀጭን ፒንሳ፣ ትንሽ ካቻቢቴ፣ አልኮልና የጆሮ ጥጥ፣ ተርማል ፔስት፣ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት። ካውያና ሊድ ካላችሁ በጣም ጥሩ፤ የሌላችሁም ብዙውን ሥራ መሥራት ትችላላችሁ። ቴስተር ቢኖር ጥርጣሬን ይቀንሳል። የሞባይል ጥገና ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች እነዚህን ብዙዎቹን ይይዛሉ።

አልፈታ አለኝ። በፒንሳ ልጠምዝዘው?

ተዉት፤ ቀፎው ይቦጨቃል፣ ክብነቱም ይጠፋል። አንዳንዱ አምራች በሚጠመዘዝበት ጥርስ ላይ ሙጫ ያደርጋል። ድንጋዩን አውጡና ጭንቅላቱን በፀጉር ማድረቂያ፣ ወይም ውሃ በማያስገባ ፌስታል ጠቅልላችሁ በሙቅ ውሃ አሙቁት፤ ሙጫው ይለሰልሳል። ከዚያ በሁለቱም እጃችሁ የብስክሌት ከመነዳሪ ቁራጭ ወይም የላስቲክ ጓንት ይዛችሁ ወደ ግራ አዙሩ። አንድ ጊዜ በኃይል ከመታገል ደጋግሞ ማሞቅ ይሻላል። በሙቀትም በጓንትም እምቢ ካለ የተጣበቀ አሠራር ሊሆን ስለሚችል መስታወቱን ከመስበር መተው ነው።

ከፈትኩት። አሁን ምኑን ልይ?

ዋናው ቦታ ይህ ነው። አንጸባራቂው ወይም ሌንሱ ሲነሳ ከሥሩ አንዲት ክብ ሳህን ታያላችሁ፤ መሐሏ ላይ ኤልኢዲው፣ ጎንና ጎኗ ላይ የመደመርና የመቀነስ ሽቦዎች ተበይደዋል። ሳህኗ ያረፈችበት የነሐስ ወይም የአሉሚኒየም መቀመጫ አለ፤ ከመቀመጫው በታች ቦርዱ ተጭኗል።

መጀመሪያ ሳህኗን በጥርስ መፈቅፈቂያ ጎኗን ገፋ አድርጓት። ብትንቀሳቀስ ጥሩ አይደለም። አሁን ከፍ አድርጋችሁ ሥሯን እዩ። በርካሽ ባትሪዎች ከሚታዩት አንዱ ሥሯ ፍጹም ደረቅ መሆኑ ነው፤ ፔስት የሚባል ነገር አልነካትም። ሌላው ፔስቱ በአንድ ጎን ብቻ ተጠፍጥፎ ግማሹ ባዶ መሆኑ ነው። ሁለት ብረቶች ለዓይን የተነካኩ ቢመስሉም በመሐላቸው ቀጭን አየር አለ፤ አየር ደግሞ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ከአሉሚኒየም በሺዎች እጥፍ ያነሰ ነው። ያቺ የማትታይ ክፍተት ናት ኤልኢዲውን የምትገድለው።

መቀመጫውንም ዳስሱት። ሲቦረቦር የቀረ ሸካራ ጠርዝ ካለው ሳህኗ በዚያ ጠርዝ ላይ ትንሳፈፋለች። የብርጭቆ ወረቀቱን በመስታወት ላይ ዘርጉና የመቀመጫውን ፊት በክብ እያዞራችሁ በቀስታ ፈግፍጉት፤ ፊቱ ሁሉ እኩል ሲያበራ በቂ ነው። መፈግፈግ ያለበት ቦርዱና ሽቦው ከወጡ በኋላ ነው፤ የብረት ብናኝ ቦርድ ላይ ከቀረ ሾርት ያደርጋል። ሲጨርሱ በአልኮል ማጽዳት።

አንዳንዱ መቀመጫ ደግሞ መሐሉ ክፍት ቱቦ ነው፤ ሳህኗ የምታርፈው በቀጭን ጠርዙ ላይ ብቻ ነው። ለዚህ የሚሆነው በቀዳዳው ልክ የተቆረጠ የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ዝርግ ቁራጭ ከጠርዙ እኩል አድርጎ በውስጡ አጥብቆ ማስገባት ነው። የሽቦዎቹ መተላለፊያ ይቦርቦርበት፤ ከሥሩ ያለውን የቦርዱን ዕቃ እንዳይነካም ተጠንቀቁ። አዲስ አበባ ላለ ሰው መርካቶ ምናለሽ ተራ እንዲህ ያለ ቁራጭ ብረት አይጠፋም። ቁራጩ ከጠርዙ ከፍ ካለ ኤልኢዲውም አብሮ ከፍ ይልና የብርሃኑ ትኩረት ይዛባል።

ሦስተኛው የምታዩት ነገር ብየዳው ነው። ደህና ብየዳ የሚያብረቀርቅና ወደ ጠርዞቹ የተንጣለለ ነው። ደብዛዛ፣ የተሰነጣጠቀ ወይም እንደ ኳስ የቆመ ከሆነ በካውያ አድሱት። ሳህኗ በመቀመጫው ላይ እያለች መበየድ ግን ልፋት ነው፤ ሙቀቱን ሁሉ ቀፎው ይወስደዋል። ሳህኗን አንስታችሁ በእንጨት ላይ አድርጋችሁ በይዱ። የብየዳው ጉብታ ከፍ ካለ ብረት አንጸባራቂ ሲጠብቅ ነክቶት ሾርት ይፈጥራል፤ ስለዚህ ዝቅ ያለ ይሁን። በኤልኢዲው ዙሪያ የምትቀመጠዋን የፕላስቲክ ቀለበት አትጣሏት፤ ኤልኢዲውን መሐል የምትይዘውም አንጸባራቂውን ከብየዳው የምትለየውም እሷ ናት።

የኤልኢዲውን ጉልላት በጣት አትንኩ። ለስላሳ ሲሊኮን ስለሆነ ይቀደዳል፣ ቆሻሻም ይይዛል። አንጸባራቂውንም በጨርቅ አትጥረጉ፤ በፕላስቲክ ላይ የተቀባ ስስ አሉሚኒየም ነውና ይላጣል። አቧራውን እፍ ማለት ይበቃል።

ተርማል ፔስት ስንት ላድርግ? የጥርስ ሳሙናስ ይሆናል?

የሩዝ ፍሬ የምታክል ይበቃል። ሳህኗን በላዩ አስቀምጡና በቀስታ እየተጫናችሁ ትንሽ ወዲህ ወዲያ አዙሯት፤ የተረፈው በጎን ይወጣል፣ ጥረጉት። የፔስቱ ሥራ በሁለቱ ብረቶች መሐል ያለውን ጥቃቅን ጎድጓዳ መሙላት ብቻ ነው፤ ሲበዛ ራሱ ግድግዳ ይሆናል።

የጥርስ ሳሙና አይሆንም። ውስጡ ያለው ውሃ ሲተን ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ከዚያም ከምንም አይሻልም። ለኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች የሚሸጠው ነጩ ተራ ፔስት በቂ ነው፤ ውድ የኮምፒውተር ፔስት መግዛት አያስፈልግም። ሳህኗን ከላይ የሚጫናት አንጸባራቂ ወይም ቡሎን ከሌለ ግን ፔስት ብቻውን አይይዛትም፤ ያኔ ሙቀት አስተላላፊ ሙጫ ነው የሚያስፈልገው። ሙጫው አንዴ ከደረቀ በቀላሉ አይለቅም፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር መሥራቱን ካረጋገጣችሁ በኋላ ይሁን።

ስመታው ይበራል፣ ስለቀው ይጠፋል። ከየት ነው?

ከንክኪ ነው። የት እንደሆነ ለማወቅ የኤሌክትሪኩን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። ከድንጋዩ መደመር ተነስቶ ወደ ቦርዱ፣ ከቦርዱ ወደ ኤልኢዲው ይሄዳል። ሲመለስ በቦርዱ ጠርዝ ወደ መቀመጫው፣ ከመቀመጫው ወደ ቀፎው፣ በቀፎው ግድግዳ ወደ ኋላ ክዳኑ፣ በማብሪያ ማጥፊያውና በሞላው አድርጎ ወደ ድንጋዩ መቀነስ ይደርሳል። ቀፎው መያዣ ብቻ አይደለም፤ የመመለሻ ሽቦው እሱ ነው። ጥቁሩ ወይም ባለ ቀለሙ የቀፎ ሽፋን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ስለዚህ ንክኪው ያለው ሽፋኑ በተገፈፈበት፣ ነጩ አሉሚኒየም በሚታይበት የቱቦው ጫፍ ላይ ነው። እዚያ ላይ ቆሻሻ፣ ግራሶ ወይም ዝገት ካለ ባትሪው ያስቸግራል።

አንድ ቀላል ሙከራ ችግሩን ከሁለት ይከፍለዋል። የኋላ ክዳኑን አውጡ። በአጭር ሽቦ የድንጋዩን መቀነስና የቱቦውን ነጭ ጠርዝ አገናኙ። ባትሪው ሳይንቀጠቀጥ ከበራ ጭንቅላቱ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ የኋላ ክዳኑ ውስጥ ነው። አሁንም ከተንቀጠቀጠ ጭንቅላቱን ፈትሹ።

የኋላ ክዳኑ ውስጥ ሁለት ቀዳዳ ወይም ሁለት ስንጥቅ ያለው ቀለበት አለ። ማብሪያ ማጥፊያውን ተጭኖ የሚይዘው እሱ ነው፤ በርካሽ ባትሪ ላይ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚላላውም እሱ ነው። የፒንሳውን ሁለት ጫፎች ቀዳዳዎቹ ውስጥ አስገብታችሁ ወደ ቀኝ አጥብቁት። «ሞተ» ተብሎ የተቀመጠ ባትሪ በዚህ ብቻ የሚነሳበት ጊዜ ብዙ ነው። ካጠበቃችሁም በኋላ ካልሠራ ማብሪያ ማጥፊያውን አውጥታችሁ ሁለቱን እግሮቹን በሽቦ አገናኙና ሞክሩ፤ ከበራ ይቀየር፣ ርካሽ ዕቃ ነው።

ጭንቅላቱ ላይ ከሆነ ደግሞ ቦርዱ በመቀመጫው ውስጥ በቀለበት ተይዞ እንደሆነ ቀለበቱን ማጥበቅ፣ እንዲሁ ተጨቁኖ የገባ ከሆነ ደግሞ የቦርዱን የውጭ ቀለበት ከነሐሱ መቀመጫ ጋር በሁለት ቦታ በካውያ መበየድ ነው። መቀመጫው አሉሚኒየም ከሆነ ተራ ሊድ አይይዝም፤ ቦርዱ ጠርዝ ላይ ስስ የመዳብ ቅጠል አጥፎ ማስገባት ይሻላል።

ሦስት ትሪፕል ኤ በሚያስገባ የፕላስቲክ መያዣ የሚሠራ ከሆነ ቀፎውን ከመወንጀላችሁ በፊት የመያዣውን ቆርቆሮዎች እዩ። ቆርቆሮው ሲላላ ሦስቱ ድንጋዮች ተሰልፈው የሚሰጡት 4.5 ቮልት በመንገድ ይቋረጣል።

ቴስተር አለኝ። ምን ልለካ?

ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጉና የኋላ ክዳኑን ሞላና ክዳኑ ቀፎውን የሚነካበትን ጠርዝ ለኩ፤ ማጥፊያው «በርቷል» ላይ ሆኖ። ገመዶቹን እርስ በርስ ስታነኩ የሚያሳየውን ቀንሱለት። የቀረው ግማሽ ኦም ቢሆን እንኳ ብዙ ነው፤ በ1 አምፒር ግማሽ ቮልት ይበላል፣ 3.7 ቮልት ካለው ድንጋይ ለቦርዱ 3.2 ብቻ ይተርፋል።

ሁለተኛ፣ አምፒሩን። ቀዩን ገመድ 10 አምፒር ከተጻፈበት ቀዳዳ ሰኩ፤ ክዳኑን አውጥታችሁ አንዱን ጫፍ ከድንጋዩ መቀነስ፣ ሌላውን ከቱቦው ነጭ ጠርዝ ጋር አገናኙ። ለምሳሌ ኤኤምሲ7135 የሚባሉት ትንንሽ ቺፖች እያንዳንዳቸው 350 ሚሊአምፒር ያሳልፋሉ፤ ስምንት ያለው ቦርድ 2.8 አምፒር አካባቢ ማሳየት አለበት። የቴስተሩ ቀጭን ገመድ ራሱ ንባቡን ስለሚቀንስ ትንሽ ቢያንስ አትደንግጡ። እንደጨረሳችሁ ቀዩን ገመድ ወደ ቮልት ቀዳዳ መልሱ። አምፒር ላይ እንዳለ የድንጋዩን ሁለት ጫፍ ብትነኩበት ድንጋዩን በቀጥታ ሾርት አደረጋችሁት ማለት ነው፤ በሊቲየም ድንጋይ ይህ አደገኛ ነው።

ሞላው ላይ ሽቦ መበየድ ብርሃን ይጨምራል ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው?

ኃይለኛ በሆኑት ላይ እውነት ነው። ቀጭን የብረት ሞላ 0.05 ኦም ብቻ ቢኖረው በ2.8 አምፒር 0.14 ቮልት ይበላል፣ ይሞቃልም፤ ሲሞቅ ደግሞ ይለሰልሳል። ለስላሳ ባለ ሲሊኮን ልባስ ሽቦ ወይም የተጎነጎነ መዳብ ከሞላው ጫፍ እስከ ሥሩ በሞላው መሐል አሳልፋችሁ በይዱ። ሞላው ሲጨመቅ ሽቦው የሚታጠፍበት ቦታ ይኑረው፤ አለዚያ ድንጋዩን ይወጋዋል። በትሪፕል ኤ የሚሠራ ትንሽ ባትሪ ላይ ግን ልዩነቱን በዓይን አታዩትም፤ ጊዜያችሁን አታባክኑ።

ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ሄደ። ይመለሳል?

አይመለስም። ነጭ ኤልኢዲ በእርግጥ ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ ቺፕ ነው፤ ነጭ የሚያስመስለው በላዩ የተቀባው ቢጫ ፎስፈር ነው። ከልክ ያለፈ ሙቀት ይህን ሚዛን ያዛባዋል። ሳህኗን ከነኤልኢዲዋ መቀየር ነው። 16 እና 20 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው የተለመዱ ናቸው፤ አሮጌዋን ለክታችሁ ግዙ፤ ቮልቴጁም 3 መሆኑን አረጋግጡ፣ 6 ቮልት የሚፈልጉ አሉና። መደመርና መቀነሱን ደግሞ ከመፍታታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱት።

ኤልኢዲው ፈጽሞ ካልበራ እንደሞተ ቶሎ አትፍረዱ። ሽቦውን ፈትታችሁ ሁለት ደብል ኤ ድንጋይ አሰልፋችሁ፣ ማለትም በ3 ቮልት፣ ለአፍታ ንኩት። ከበራ ጥፋቱ ቦርዱ ወይም ሽቦው ላይ ነው።

የብርሃኑ መሐል ጥቁር ክብ አለው።

ኤልኢዲው ከአንጸባራቂው አንጻር ከቦታው ከፍ ወይም ዝቅ ብሏል። በኤልኢዲው ዙሪያ ያለችውን የፕላስቲክ ቀለበት በወፍራም ወይም በቀጭን መለወጥ ነው መፍትሔው። መጀመሪያ ግን ሁሉም ነገር እስከ መጨረሻው መጥበቁን እዩ፤ ብዙ ጊዜ ጭንቅላቱ ግማሽ ዙር ቀርቶት ነው።

ድንጋዩ ላይ 9900 ሚሊአምፒር ሰዓት ተጽፏል። ልመነው?

አትመኑት። ሚሊአምፒር ሰዓት ድንጋዩ ምን ያህል እንደሚይዝ መለኪያ ነው። 18650 የሚባለው የሊቲየም ድንጋይ ስሙ መጠኑ ነው፤ 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት። በዚህ መጠን በገበያ በስፋት የሚገኙት ምርጦቹ 3500 አካባቢ ናቸው። ሚዛን ያለው ሱቅ ወይም ወርቅ ቤት ካለ አስመዝኑት፤ ደህናው ከ45 እስከ 50 ግራም ይደርሳል፣ በጣም የቀለለ ከሆነ ውስጡ የረባ ነገር የለም። ባትሪውም ላይ «100,000 ሉመን» (ሉመን የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ቢጻፍ ያው ነው፤ በአንድ 18650 የሚሠራ ባለ አንድ ኤልኢዲ ተራ ባትሪ መቶዎች፣ ቢበዛ ወደ ሺህ የሚጠጋ ሉመን ነው የሚሰጠው።

የድንጋዩን ልባስም ፈትሹ። የ18650 ቆርቆሮ ጎኑ በሙሉ መቀነስ ነው፤ በመደመሩ ጫፍ በኩል ልባሱ ከተቀደደ ሾርት ለማድረግ ቅርብ ነው፣ አትጠቀሙበት። ጎኑ ላይ የተቀደደ ደግሞ ቀፎውን ሲነካ ማብሪያ ማጥፊያውን አልፎ ያበራል። «ስጫነው አይጠፋም» የሚባለው ባትሪ አንዳንዴ ምክንያቱ ይህ ነው። ከ2 ቮልት በታች የወረደ ሊቲየም ድንጋይ ተመልሶ መሞላት የለበትም። በድንጋዩ ላይ በካውያ አትበይዱ።

ድንጋዩ ውስጡ ፈሰሰበት። ይድናል?

ቶሎ ከተደረሰበት ይድናል። ርካሾቹ ተራ ድንጋዮች የውጭ ቆርቆሯቸው ራሱ ዚንክ ነው፤ ኃይል ሲሰጡ እየተበላ ስለሚሄድ በመጨረሻ ይቀደዳሉ። አልካላይኑም ተረስቶ ሲቀመጥ ያፈሳል፤ ነጭ ብናኝ የሚሠራው እሱ ነው። ጓንት አድርጋችሁ ብናኙን በደረቁ አራግፉ። አልካላይን ከሆነ በሎሚ ጭማቂ ወይም በኮምጣጤ በረጠበ የጆሮ ጥጥ ጥረጉት፤ ትንሽ ይፈላል። ከዚያ በውሃ በረጠበ ጥጥ፣ በመጨረሻ በአልኮል አጽዱና አድርቁ። ሞላው ከተበላ በፒንሳ ነቅላችሁ ከሌላ አሮጌ ባትሪ አምጥታችሁ በይዱ። ባትሪውን ለወራት የማትጠቀሙበት ከሆነ ድንጋዩን አውጥታችሁ አስቀምጡ።

በቀጥታ ሶኬት ላይ የሚሰካው የፕላስቲክ ባትሪስ?

እዚህ ላይ በጣም እንድትጠነቀቁ እፈልጋለሁ። የሚታጠፍ ሶኬት ጎኑ ላይ ያለው የፕላስቲክ ባትሪ በብዙዎቹ ውስጥ 4 ቮልት የአሲድ ድንጋይ አለው፤ 220 ቮልቱን የሚቀንስለት ደግሞ ትራንስፎርመር ሳይሆን ካፓሲተር ነው። ይህ ማለት ሲሰካ ውስጡ ያለው ነገር ሁሉ፣ ድንጋዩ፣ ኤልኢዲዎቹ፣ ማጥፊያው፣ ከግድግዳው መስመር ጋር በቀጥታ የተገናኘ ነው። ክፍት አድርጎ ሰክቶ መለካት ሰው ይገድላል። ነቅላችሁም ወዲያው አትንኩት፤ ካፓሲተሩ ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል። ፕላስቲኩ የተሰነጠቀ ከሆነ አትሰኩት፤ ልጆች ያሉበት ቤት ደግሞ ጨርሶ ይጣል።

በእነዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ድንጋዩ ነው። የአሲድ ድንጋይ ባዶውን ሲቀመጥ ይበላሻል፣ አቅሙ አይመለስም፤ ስለዚህ ባትጠቀሙበትም በየወሩ ሙሉት። ድንጋዩ ሲሞት ደግሞ ቮልቴጁን የሚይዘው ስለሚጠፋ፣ ተሰክቶ እያለ ማብራት ኤልኢዲዎቹን በአንድ ጊዜ ያቃጥላቸዋል። ስትሞሉ አታብሩ፣ ስታበሩ ንቀሉ። ድንጋዩን መቀየር የሚቻለው ተነቅሎ በቆየ ባትሪ ላይ፣ ተመሳሳይ 4 ቮልት ድንጋይ በማስገባት ነው፤ የሊቲየም ድንጋይ በምትኩ ማስገባት በፍጹም አይቻልም፣ ቻርጀሩ መቼ ማቆም እንዳለበት አያውቅም።

ዝናብ ይችላል ተብሎ ነበር የተሸጠልኝ።

ከማመናችሁ በፊት ጎማዎቹን ቁጠሩ። መስታወቱ ሥር፣ ጭንቅላቱና ቱቦው መገናኛ ላይ፣ የኋላ ክዳኑ ላይ አንዳንድ የጎማ ቀለበት መኖር አለበት። ከጎደለ በልኩ ፈልጉለት። በትንሽ የሲሊኮን ግሪስ አለስልሱት፤ ቫዝሊን አንዳንዱን ጎማ ያሳብጠዋል። ጭንቅላቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተት ባለ ዙም ባትሪ ሲንቀሳቀስ አየር ይስባል፤ በጎርፍ ውስጥ አትመኑት።

መጠገን ያለበትና የሌለበት እንዴት ይለያል?

ቀፎው የአሉሚኒየም ሆኖ በጥርስ የሚፈታ ከሆነ ይጠገናል፤ ሁሉም ክፍል ይቀየራል። ቀፎው በሙጫ የተዘጋ ፕላስቲክ ከሆነ፣ ሽቦ ከመቀጠልና ድንጋይ ከመለወጥ ያለፈ ነገር አይወጣውም። አዲስ የምትገዙ ከሆነና ትንሽ መጨመር ከቻላችሁ፣ እንደ ኮንቮይ ኤስ2 ፕላስ ያሉ ቀላል አሠራር ያላቸውን ምረጡ፤ ቦርዱ፣ ሳህኗ፣ ማብሪያ ማጥፊያውና አንጸባራቂው እያንዳንዳቸው ተፈትተው ይወጣሉ፣ መለዋወጫቸውም ለብቻው ይሸጣል። ሱቅ ውስጥ ስትመርጡ የኋላ ክዳኑን ፈትታችሁ ቀለበቱን፣ ሞላውንና የቱቦውን ነጭ ጠርዝ እዩ። ሻጩ ክዳኑን እንድትፈቱ ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ ሂዱ።